ዛሬ መውደዱን አቆመ፦ የካንትሪ ዘፈን እንዴት ነው አንጀት የሚበላው?

«ዛሬ እሷን መውደዱን አቆመ።»

ይህቺን ዓረፍተ ነገር ብቻዋን ለጓደኛችሁ ብትነግሩት «እሰይ፣ ተገላገለ!» ይላችኋል። ትታው የሄደችውን ሴት እያሰበ ሲብሰለሰል የኖረ አንድ ምስኪን፣ መጨረሻ ላይ ቆረጠለት ማለት ነው። እንደዚያ ነው የሚመስለው። ዓረፍተ ነገሯ የተወሰደችበት ዘፈን ግን በካንትሪ ሙዚቃ ታሪክ እጅግ አሳዛኝ ከሚባሉት አንዱ ነው። ለምን እንደሆነ እስክንደርስበት ድረስ በልባችሁ ያዙልኝ።

ካንትሪ ላይ አሜሪካውያን ራሳቸው የሚቀልዱት የቆየ ቀልድ አለ። የካንትሪ ሸክላ ወደ ኋላ ብታጫውት ምን ይሆናል? ሚስትህ ትመለሳለች፣ ውሻህ ከሞት ይነሳል፣ የቆመችው ፒካፕህም ትነሳለች። ቀልዱ ውሸት የለውም። ሸክላ ላይ መቀረጽ ከጀመረ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ዛሬም «ትታኝ ሄደች» እያለ ነው። ታዲያ ሰው እንዴት አልሰለቸውም? እኔ እንደሚመስለኝ ምስጢሩ ያለው ሐዘኑ የሚነገርበት መንገድ ላይ ነው። ጎበዝ የካንትሪ ደራሲ ስለ ልቡ ብዙ አያወራም። ስለ ስልክ ያወራል።

(ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።)

እኛ ቤት የአሜሪካዊው የካንትሪ ዘፋኝ የጂም ሪቭስ አንድ ካሴት ነበር። ሽፋኑ ጠፍቶ መኪና ውስጥ ነበር የሚኖረው። አባቴ ቃላቱን አሟልቶ አያውቃቸውም። ያላወቀው ቦታ ሲደርስ በአፍንጫው «እምምም» ብሎ ያልፈውና የሚያውቀው ቃል ላይ ቀድሞ ይጠብቀዋል። እኔም ልጅ ሆኜ ዜማውን ብቻ ነበር የማውቀው። ካደግኩ በኋላ ቁጭ ብዬ ግጥሙን ሳዳምጠው ደነገጥኩ።

ዘፈኑ በ1959 መጨረሻ የወጣው «ሂል ሃቭ ቱ ጎ» ነው፤ «መሄድ ይኖርበታል» እንደማለት። አንድ ሰው ወደሚወዳት ሴት ይደውላል። አፍሽን ወደ ስልኩ ጠጋ አድርጊው ይላታል። ሁለታችን ብቻ እንደሆንን እናስመስል። እኔ እዚህ ያለውን ሰውዬ ሙዚቃውን ቀንስልኝ እለዋለሁ፤ አንቺ ደግሞ አጠገብሽ ላለው ጓደኛሽ መሄድ እንዳለበት ንገሪው። ቀጥሎ፣ ሰው አጠገብሽ ስላለ እንደልብሽ መናገር እንደማትችዪ ይገባኛል፣ አዎ ወይም አይ ብቻ በዪኝ ይላታል። ስልኩን ልዝጋው ወይስ ትነግሪዋለሽ?

መልሷን አንሰማም። ዘፈኑ እዚያው ያልቃል።

ልብ በሉ፤ እንባ የሚባል ነገር አልተጠቀሰም። ሰውዬው መጠጥ ቤት መሆኑን እንኳ በቀጥታ አይነግረንም። የምናውቀው ሙዚቃውን የሚቀንስለት ሰው ስላለ ነው። መምሸቱን፣ መጠጣቱን፣ ድፍረቱ ከብርጭቆ የመጣ መሆኑን የሞላነው እኛ ነን። ሪቭስም አልጮኸም። ከንፈሩን ማይክሮፎኑ ላይ ሊያስነካ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ተጠግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የዘፈነው። ስልክ ላይ የሚያወራ ሰው ነዋ!

ይህን ሙያ ለቅሶ ቤት የዋለ ሰው ያውቀዋል። ጎበዝ አስለቃሽ «አዘንን፣ ተከፋን» ብላ አታስለቅስም። የሟቹን ዱላ ታነሳለች። ጋቢውን ታነሳለች። ማታ ማታ ይቀመጥበት የነበረውን ደጃፍ ታነሳለች። ለቀስተኛው የሚፈርሰው ዱላው ላይ ሲደረስ ነው። የካንትሪ መናገሻ በሆነችው በናሽቪል ከተማ ያሉት ደራሲዎችና የኛ አስለቃሾች ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራሉ።

ሁለተኛው ዘዴ ደግሞ ይበልጥ የኛ ይመስላል። ሰምና ወርቅ ነው። የካንትሪ ደራሲ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከርዕሱ ነው። ርዕሱ ሰው በየቀኑ አፉ ላይ የሚያመላልሰው ተራ አባባል ይሆናል። መጀመሪያ ስንሰማው አንድ ነገር ይላል። ታሪኩ ትንሽ ሄድ ሲል ያው አባባል ተገልብጦ ሌላ ነገር ይላል። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ኅብረ ቃሉ የቱ ጋ እንደተቀበረ ወዲያው ያሳያችኋል። ልዩነቱ፣ የቅኔ ተማሪ ወርቁን ራሱ ቆፍሮ ያወጣል። ካንትሪ ግን ያለው ሦስት ደቂቃ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ጭነት መኪና ሲነዳ ላደረ ሰውም መድረስ አለበት። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ወርቁን ራሱ አውጥቶ እጃችን ላይ ያስቀምጠዋል።

ሐርላን ሃዋርድ የተባለው ዝነኛ የዘፈን ደራሲ ካንትሪን «ሦስት ኮርድና እውነት» ብሎታል፤ ኮርድ ማለት አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች ናቸው። በሦስቱ ኮርድ እስማማለሁ። «እውነት» የሚለው ላይ ግን ትንሽ ቅር ይለኛል፤ ምክንያቱም ናሽቪል ውስጥ የልብ ስብራት የቢሮ ሥራ ነው። ሁለት ሦስት ደራሲዎች ለጠዋት ይቀጣጠራሉ። ቡና ይቀዳሉ። አንዱ ማስታወሻው ላይ የጫረውን ርዕስ ያነባል። ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት አንዱን ሰው ትታው ሄዳለች። ደራሲው ደግሞ ተነስቶ ልጁን ከትምህርት ቤት ሊያመጣ ይሄዳል፤ ቤቱ ሰላም ነው። ማጭበርበር ነው? አይመስለኝም። አስለቃሿም እኮ ሟቹን በደንብ ላታውቀው ትችላለች።

ሐዘኑ ከየት መጣ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ከተራራ ነው። ከእንግሊዝ፣ ከስኮትላንድና ከአየርላንድ የሄዱ ሰፋሪዎች አፓላቺያ ተራሮች ላይ ይዘውት የቆዩት ታሪክ ነጋሪ ዘፈን በከዳተኛ ፍቅረኛና በተገደለች ልጃገረድ የተሞላ ነበር። ጥቁሮቹ ሥሩ አፍሪካ የሆነውን ባንጆና ብሉዝን አመጡ። በ1927 ሐምሌ ላይ ራልፍ ፒር የተባለ ሰው በቴነሲና በቨርጂኒያ ድንበር ላይ ባለችው ብሪስቶል ከተማ መቅረጫውን ተክሎ የአካባቢውን ዘፋኞች ጠራ። የካንትሪ ፈር ቀዳጆች የሚባሉት ካርተር ፋሚሊና ጂሚ ሮጀርስ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀረጹት በዚያ ሰሞን ነው።

መጠጥ ቤቱ የመጣው በኋላ ነው። በመላው አሜሪካ መጠጥን የከለከለው ሕግ በ1933 ሲነሳ፣ በተለይ ቴክሳስ ውስጥ ነዳጅ በሚወጣበት አካባቢ «ሆንኪ ቶንክ» የሚባሉ መጠጥ ቤቶች ፈሉ። ግሮሰሪ በሉት፤ ግን ሰው የሚደንስበት ግሮሰሪ። ሳንቲም የሚበላ የሙዚቃ ሳጥን አለ። ጫጫታው ስለሚበዛ ጊታሩ ኤሌክትሪክ መሆን ነበረበት። ስለ እናት ጎጆና ስለ ገጠር ቤተ ክርስቲያን የሚያወራው ዘፈን እዚህ ብዙም አልሄደም። እዚህ የተቀመጠው ከገጠር ወጥቶ በደመወዝ የሚያድር ሰው ነው። ቤት ሲገባ የሚጠብቀው ወይ ጭቅጭቅ ወይ ባዶ ክፍል ነው። ከዚያ የዓለም ጦርነቱ መጣና ባልና ሚስትን ለዓመታት ለያየ። ባለቀ በማግሥቱ፣ በ1946፣ የአሜሪካ ፍቺ ከዚያ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ቁጥር ላይ ደረሰ። ዘፋኞቹ ርዕስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋቸውም።

የዚያ ዘመን ንጉሥ ሃንክ ዊልያምስ ነው። በ1923 አላባማ ተወለደ። ልጅ ሆኖ ሙዚቃ ያስተማረው ሩፉስ ፔይን የሚባል ጥቁር የመንገድ ሙዚቀኛ ነበር። ከሚስቱ ከኦድሪ ጋር ሲጣሉና ሲታረቁ ኖረው በ1952 ለመጨረሻ ጊዜ ተፋቱ። በ1949 ስለ ብቸኝነት የቀረጸው ዝነኛ ዘፈኑ ላይ የሚያለቅሰው እሱ አይደለም። ለመብረር እንኳ የከፋት ወፍ አለች። እኩለ ሌሊት ላይ የሚያላዝን ባቡር አለ። ፊቷን ደመና ውስጥ ደብቃ የምታለቅስ ጨረቃ አለች። ፍጥረት ሁሉ ስለ እሱ ለቅሶ ተቀምጧል፤ እሱ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም፣ ግን ገና ነው። የሚገርመው፣ ይህ ዘፈን ሲወጣ የተቀመጠው ከሸክላው ጀርባ ነው። ፊት ለፊት የተደረገው ስለ ቀዳዳ ባልዲ የሚያወራ የጭፈራ ዘፈን ነበር። ሳንቲም የሚከፍለው ሰው መጨፈር ይፈልጋላ።

ሃንክ በ1953 የመጀመሪያ ቀን፣ ወደ ኦሃዮ ለሥራ ሲጓዝ፣ በካዲላኩ የኋላ ወንበር ላይ ሞቶ ተገኘ። 29 ዓመቱ ነበር።

ቃሉን ትተን ድምፁን እንስማ። ካንትሪ ሲከፈት ገና ማንም ሳይናገር ሆድ የሚያባባው ያ የሚንሸራተት ድምፅ ስቲል ጊታር ይባላል። የካውቦይ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ፤ ከሃዋይ የመጣ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ ክሩን በብረት እያንሸራተተ መጫወት የጀመረው ጆሴፍ ኬኩኩ የተባለ የሃዋይ ልጅ እንደሆነ ይነገራል። በ1915 ሳንፍራንሲስኮ በተደረገ ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ የሃዋይ ሙዚቃ ሰውን አሳበደ። ከዚያ ወደ ደቡብ ወረደ።

አሠራሩን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ተራ ጊታር አንገቱ ላይ ቀጫጭን ብረቶች ተደርድረዋል። አንዱ ድምፅ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር የሚቆርጡት እነሱ ናቸው። ስቲሉ ላይ ተጫዋቹ በግራ እጁ ለስላሳ የብረት ዘንግ ይይዛል። ዘንጉ ክሮቹ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይጫናቸውም። ስለዚህ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሄድ መሀል ያለውን ሁሉ እየዳሰሰ ነው። ሰው ሲያለቅስ ድምፁ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ማሲንቆም ድንበር የለውም፤ ጣት እንደልቡ ይንሸራተታል። በኋላ ስቲሉ ላይ ፔዳል ተጨመረ። ተጫዋቹ በእግሩ ሲረግጠው የሚፈለገው ክር ብቻ ተወጥሮ ይወጣል፣ ሌሎቹ ባሉበት ይቆያሉ። ሦስት ሰዎች አብረው እየዘፈኑ የአንዷ ሆድ ድንገት ባሰና ድምጿ ብቻውን ተነሳ እንደማለት። ስቲል ተጫዋቹ ባድ አይዛክስ በ1954 በወጣው የዌብ ፒርስ «ስሎውሊ» ላይ ይህን ካሰማ በኋላ ብዙ ስቲል ተጫዋች ፔዳል ፍለጋ ወጣ።

ለኛ ጆሮ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ብዙ የካንትሪና የአፓላቺያ ዜማ በአምስት ድምፆች ላይ ይመላለሳል፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ሙሉ ትዝታም የሚቆመው በእነዚሁ ላይ ነው። ከሥር የሚሄደው ኮርድ የነሱ ነው፤ ከላይ ያለው መንገድ ግን ሠፈራችን ነው። አባቴ ቃሉን ሳያውቅ ዜማውን እንዴት ቀድሞ እንደሚደርስበት የገባኝ ይህን ሳውቅ ነው። በእርግጥ አሥመራ ቃኘው ጣቢያ የነበረው የአሜሪካ ጦር ሬዲዮም፣ ከ1962 ጀምሮ የመጡት የፒስ ኮር አስተማሪዎችም የራሳቸው ድርሻ ይኖራቸዋል። እንግሊዝኛውም ያግዛል። ጂም ሪቭስ፣ ዶን ዊልያምስ፣ ኬኒ ሮጀርስ ቃሉን አያጣድፉትም። መዝገበ ቃላት ይዞ የሚሰማ ሰው እንኳ ይደርስባቸዋል።

እስካሁን የተከዳው ሁሌ ወንድ ነው። በ1952 ሃንክ ቶምሰን ትዳሯን ትታ ወደ መጠጥ ቤት ኑሮ የተመለሰችን ሴት የሚወቅስ ዘፈን አወጣ፤ የመጠጥ ቤት መላእክትን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው እንዴ የሚል ነገር አለበት። በዚያው ዓመት ኪቲ ዌልስ የምትባል የ32 ዓመት የልጆች እናት በዚያው ዜማ መልስ ሰጠች። እግዚአብሔርን ተወው፣ ሚስት እያላቸው ላጤ ነን የሚሉ ወንዶች ናቸው ለዚህ ያበቁን አለች። ስቱዲዮ የገባችው ለ125 ዶላሩ ብላ ነበር። ኤንቢሲ ሬዲዮ ዘፈኑን ከለከለ። ሕዝቡ ግን ገዛው፤ በቢልቦርድ የካንትሪ ሰንጠረዥ ብቻዋን ዘፍና አንደኛ የወጣች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

ፓትሲ ክላይንም አለች። በ1961 ሰኔ ከባድ የመኪና አደጋ ደረሰባት። ነሐሴ ላይ በክራንች እየተደገፈች ስቱዲዮ ገባች። «ክሬዚ» የተባለውን፣ ያኔ ብዙም ያልታወቀው ዊሊ ኔልሰን የጻፈውን ዘፈን ልትቀርጽ ነው። የተጎዳው ጎድኗ ከፍ ያለውን ድምፅ አላስወጣ አላት። ሙዚቃው ብቻ ተቀርጾ ወደ ቤቷ ሄደች። ሻል ሲላት ተመልሳ ድምጿን ጨመረችበት። የዛሬው ሰው የሚያውቀው ያንን ነው።

ሁሉም ደግሞ የፍቅር አይደለም። ዊትኒ ሂውስተን በ1992 ዓለምን ያስለቀሰችበትን «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» ዶሊ ፓርተን ጽፋ ያወጣችው በ1974 ነው። ለማን? ለሰባት ዓመት የቴሌቪዥን ፕሮግራሙ ላይ አብራው ለሠራችው ለፖርተር ዋገነር። ከሱ ተለይታ ብቻዋን ልትሠራ ስለፈለገች፣ በክርክር አልሆን ሲላት ዘፈነችለት። ስንቱ ሠርግ ላይ የተዘፈነው ዘፈን ለካ የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ነው።

አንዳንድ ሰው «ይህን ሁሉ ሐዘን መስማት አይጎዳም ወይ?» ይላል። በ1992 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ49 የከተማ አካባቢዎች የካንትሪ ስርጭት በበዛበት ነጮች ራሳቸውን የሚያጠፉበት መጠንም ከፍ ይላል ብለው ጻፉ። ሌሎች አጥኚዎች ውጤቱን መድገም አልቻልንም ብለው ተከራከሯቸው። በ2004 ጥናቱ ኢግ ኖቤል ተሸለመ፤ መጀመሪያ የሚያስቅ፣ ቀጥሎ የሚያሳስብ ሥራ የሚሸለመው ሽልማት ማለት ነው። ለኔ ግን ክፍተቱ ቀላል ነው። ብዙ ጃንጥላ ባለበት ብዙ ዝናብ አለ፤ ዝናቡን ያመጣው ግን ጃንጥላው አይደለም።

አሁን ያዙልኝ ያልኳችሁን ዓረፍተ ነገር አምጡት።

ቦቢ ብራዶክና ከርሊ ፑትማን የሚባሉ ሁለት ደራሲዎች ነበሩ። በ1968 ታሚ ዋይኔት የዘፈነችውን ዝነኛ የፍቺ ዘፈን የጻፉት እነሱ ናቸው። እናትየው የአራት ዓመት ልጇ እንዳይገባው «ፍቺ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በፊደል በፊደል እየነጠለች ትናገራለች። (በኛ ፊደል አይሠራም። «ፍ፣ ቺ» ብትሉ ልጁ ሰምቷችኋል።) በዓመቱ ታሚ ዘፋኙን ጆርጅ ጆንስን አገባች። በ1975 ተፋቱ። ጆንስ ድምፁን የሰሙ ዘፋኞች ሁሉ የሚቀኑበት፣ ግን መጠጥ የጣለው ሰው ነበር። ከታሚ በፊት የነበረችው ሚስቱ የመኪና ቁልፎቹን ብትደብቅበት በሣር ማጨጃ ማሽን እየነዳ መጠጥ ሊገዛ ሄዷል። ይህን ራሱ በሕይወት ታሪኩ ላይ ጽፎታል።

እነዚያው ሁለት ደራሲዎች ለዚህ ሰው የሚሆን ዘፈን አመጡ። ታሪኩ እንዲህ ነው። ሰውዬው እስክሞት እወድሻለሁ ይላታል። እሷ ጊዜ ሲሄድ ትረሳኛለህ ትለዋለች። ዓመታት ይሄዳሉ። ፎቶዋ ግድግዳው ላይ ነው። አልጋው አጠገብ 1962 የሚል ቀን ያለባቸው ደብዳቤዎች አሉ፤ «እወድሃለሁ» የሚለው ቃል ሁሉ ሥሩ በቀይ ተሰምሮበታል። ከዚያ የሚተርክልን ጓደኛው ዛሬ ላየው ሄድኩ ይላል። ለጉዞ አምሮበት ለብሷል። ፈገግ ሲል ያየሁት ከስንት ዓመት በኋላ ዛሬ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሰሙ ነው። ቀጥሎ በሩ ላይ የአበባ ጉንጉን ይሰቀላል። ተሸክመው ሊወስዱት ነው። ዛሬ መውደዱን አቆመ።

«እስክሞት» ብሎ ነበር እኮ። ቃሉን ነው የጠበቀው።

ጆንስ ዘፈኑን አልወደደውም። በጣም ያሳዝናል፣ ማንም አይገዛውም አለ። ፕሮዲውሰሩ ቢሊ ሸሪል ግን አልለቀቀም። ደራሲዎቹን ደጋግሞ መለሳቸው፤ መጨረሻ ላይ ሴትየዋ ወደ ለቅሶው የምትመጣበት፣ በዜማ ሳይሆን በንግግር የሚባል ክፍል አስጨመረ። አራት መስመር ነች። እሷን ለመቅረጽ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ። ጆንስ ሲዘፍን ስካሩ አይታወቅበትም፤ ሲናገር ግን ምላሱ ይተሳሰራል።

በ1980 ወጣ። ሐምሌ ላይ የካንትሪ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ደራሲዎቹ ባይሉትም ሕዝቡ «ይሄ የታሚ ነገር ነው» አለ፤ ጆንስ ግን ሌላ ሴት አግብቶ፣ ከመጠጡም ተላቆ ከዚያ በኋላ ረጅም ዘመን ኖረ። ያረፈው በ2013 ሚያዝያ፣ በ81 ዓመቱ ነው። ሽኝቱ በናሽቪሉ ግራንድ ኦል ኦፕሪ አዳራሽ ሲደረግ አለን ጃክሰን ወጥቶ ያንኑ ዘፈን ዘፈነ። መቃብሩ እዚያው ከተማ ነው። ማንም አይገዛውም ያለው ዘፈን ርዕስ ሐውልቱ ላይ ተቀርጿል።